የተከለለው መስመርና የሚሸጠው ቦታ፦ የመኪና ፍሰት በሒሳብ ሲታይ

በጥናት ክበባችን ስብሰባዎች ላይ ተነሥቶ ሳይቋጭ የቀረ አንድ ጥያቄ አለ። ጥያቄው ከኢየሩሳሌም ወደ ቴል አቪቭ በሚወስደው አውራ ጎዳና ቁጥር 1 ላይ የሚገኘውን ልዩ መስመር የሚመለከት ነው። መስመሩ በጥር 2011 ተከፈተ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ ርዝመቱ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውቶቡስ ያለ ክፍያ ይሄድበታል፤ በቂ ሰው የያዘ የቤት መኪናም በነጻ ይገባል፤ ብቻውን የሚነዳ ሰው ግን በመግቢያው ሰሌዳ ላይ የሚታየውን ዋጋ መክፈል አለበት። ዋጋው ቋሚ አይደለም። መኪና ሲበዛ ይወጣል፣ ሲቀንስ ይወርዳል።

በውይይቱ ላይ አንደኛው ወገን «ይህ የሀብታም መንገድ ነው፤ የሕዝብ መሬት በደቂቃ ተመን ሊሸጥ አይገባም» አለ። ሌላው ወገን ደግሞ «ሒሳቡ የታወቀ ነው፤ መስመሩ የሁሉንም መጨናነቅ ያቃልላል፣ ሁሉም ይጠቀማል» ሲል መለሰ። ጉዳዩ ለእኛ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ከራምላና ከሎድ በማለዳ አውቶቡስ ተሳፍረው ወደ ቴል አቪቭ ለሥራ የሚሄዱ ወገኖች አሉን፤ ከመካከላችን ምሕንድስና የሚማሩትም ነገ የመንገድ ፕላን ፊት መቀመጣቸው አይቀርም። ስለሆነም በዚህ እትም ክርክሩን ለጊዜው ገታ አድርገን ቆጠራውን ለመሥራት ወስነናል። የሚያስፈልገው ሒሳብ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አያልፍም፤ አንባቢ እርሳስና ወረቀት ይዞ ቢከተለን ይበልጥ ይጠቀማል።

ሦስቱ መጠኖች

የመኪና ፍሰት ትምህርት በሦስት መጠኖች ላይ ይቆማል። የመጀመሪያው ጥግግት ነው፤ ይኸውም በአንድ ኪሎ ሜትር መስመር ላይ በአንድ ቅጽበት ስንት መኪና እንዳለ የሚነግረን ነው። «ጥ» እንበለው። ሁለተኛው ፍጥነት ነው፤ «ፍ» ይሁን። ሦስተኛው መጠነ ፍሰት ነው፤ መንገድ ዳር የቆመ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ያለፉትን መኪናዎች ቢቆጥር የሚያገኘው ቁጥር ነው፤ እሱን «መ» እንለዋለን። ሦስቱን የሚያስተሳስረው ቀመር ይህ ነው፦

መ = ጥ × ፍ

ይህ ቀመር ገና ግኝት አይደለም፤ የቃላቱ ትርጉም ነው። ግኝቱ ፍጥነት ራሱ በጥግግት የሚወሰን መሆኑ ነው። አሜሪካዊው ብሩስ ግሪንሺልድስ በ1930ዎቹ ውስጥ በኦሃዮ መንገዶች ላይ መኪናዎችን በካሜራ እየቀረጸ ፍጥነታቸውንና መራራቃቸውን ለካ፤ በ1935 ባወጣው ጥናትም ሁለቱ በቀጥታ መስመር የተያያዙ ናቸው አለ። መንገዱ ባዶ ሲሆን ሾፌሩ እንደልቡ ይነዳል፤ መኪና በበዛ መጠን ፍጥነት እኩል እየቀነሰ ሄዶ በመጨረሻ ሁሉም ይቆማል። ለትምህርታችን እንዲመች ባዶ መንገድ ላይ ያለው ፍጥነት በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር፣ ሁሉም የሚቆምበት ጥግግት ደግሞ በኪሎ ሜትር 80 መኪና ነው እንበል። እንግዲህ፦

ፍ = 100 × (1 − ጥ ÷ 80)

አሁን ቁጥር እናስገባ። ጥግግቱ 20 ሲሆን ፍጥነቱ 75 ነው፤ በሰዓት 1,500 መኪና ያልፋል። ጥግግቱ 40 ሲደርስ ፍጥነቱ ወደ 50 ይወርዳል፤ የሚያልፈው ግን 2,000 ይሆናል፤ ከዚህ በላይ ሊያልፍ አይችልም። ጥግግቱ 60 ሲሆን ፍጥነቱ 25፣ የሚያልፈውም እንደገና 1,500 ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በሰዓት 1,500 መኪና በሁለት ፍጹም በተለያዩ ሁኔታዎች ሊያልፍ ይችላል፤ በ75 ፍጥነትም፣ በ25 ፍጥነትም። 13 ኪሎ ሜትሩን የመጀመሪያው ሾፌር በ10 ደቂቃ፣ ሁለተኛው በ31 ደቂቃ ይጨርሰዋል። መንገድ ዳር ቆሞ የሚቆጥረው ሰው ግን ሁለቱን አይለያቸውም፤ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ያው 1,500 ነው። ከጥግግት 40 ወዲያ የሚገባ እያንዳንዱ ተጨማሪ መኪና ራሱ መዘግየቱ ብቻ አይደለም፣ መንገዱ የሚያሳልፈውንም ቁጥር ይቀንሳል። የተከለለ መስመር ጥበብ ሁሉ ከዚህ አንድ ነጥብ ይመነጫል፦ መስመሩ ከተራራው ጫፍ በዚህኛው በኩል መቆየት አለበት።

ቀጥታው መስመር የትምህርት ቤት ማቅለያ መሆኑን ደግሞ ልብ በሉ። በኪሎ ሜትር 80 መኪና ማለት ለእያንዳንዱ 12 ሜትር ተኩል ማለት ነው፤ በእውነተኛ መጨናነቅ መኪናዎች ከዚህ ይበልጥ ተጠጋግተው ይቆማሉ። በ1955 ላይትሂልና ዊተም የተባሉ ሁለት የብሪታንያ ሊቃውንት፣ በ1956 ደግሞ ሪቻርድስ የተባለ ሌላ ተመራማሪ ፍሰቱን እንደ ወንዝ ማዕበል የሚያሰላ ሞዴል አቅርበዋል። ፊት ያለው መኪና ፍሬን ሲይዝ ቀዩ መብራት ከመኪና ወደ መኪና ወደ ኋላ ሲጓዝ አይተን የለምን? ማዕበል ያሉት እሱን ነው። ለዛሬው ጥያቄያችን ግን ቀጥታው መስመር ይበቃል።

አንድ መስመር ሲነጠል

በአንድ አቅጣጫ ሦስት መስመር ያለው መንገድ እንውሰድ። መጨረሻው ላይ ማነቆ አለ፤ በማነቆው እያንዳንዱ መስመር በሰዓት 2,000፣ ሦስቱ በድምሩ 6,000 መኪና ያሳልፋሉ። በጠዋቱ አንድ ሰዓት ውስጥ የሚመጡት፦ እያንዳንዳቸው 40 ሰው የያዙ 40 አውቶቡሶች፣ ሦስት ሦስት ሰው የያዙ 760 የቤት መኪናዎች፣ አንድ አንድ ሰው ብቻ ያለባቸው 5,700 መኪናዎች። በድምሩ 6,500 ተሽከርካሪ፣ 9,580 ሰው ማለት ነው። አመጣጣቸው በሰዓቱ ውስጥ እኩል የተከፋፈለ ነው እንበል።

ሁሉም ተደባልቀው ሲሄዱ በሰዓቱ መጨረሻ የ500 መኪና ሰልፍ ይከማቻል። የመጨረሻው መኪና 5 ደቂቃ ይጠብቃል፤ አማካዩ 2 ደቂቃ ተኩል ነው። 9,580 ሰው በ2 ደቂቃ ተኩል ሲባዛ 399 ሰው-ሰዓት ይባክናል።

አሁን አንዱን መስመር ለአውቶቡስና ሦስት ሰው ለያዘ መኪና እንለየው። በእሱ ላይ 800 ተሽከርካሪ ብቻ ይሄዳል፤ ፍጥነቱ በቀመራችን 89 ያህል ነው፤ ማንም አይጠብቅም። በቀሩት ሁለት መስመሮች ግን 4,000 ማለፍ በሚችልበት 5,700 ይመጣል። የመጨረሻው ሾፌር 25 ደቂቃ ተኩል ይጠብቃል፤ አማካዩ 12 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ነው። የባከነው 1,211 ሰው-ሰዓት፣ ማለትም ከቀድሞው ሦስት እጥፍ ሆነ። ሰልፍ ውስጥ የቆመው ሾፌር ባዶውን መስመር እያየ የሚሳደበው በከንቱ አይደለም፤ 1,200 ቦታ በየሰዓቱ ሳይሠራበት ያልፋል።

ክፍያ የገባው ይህን ባዶ ቦታ ለመሙላት ነው። ከ1,200ው 1,000ውን ብቻቸውን ለሚነዱ እንሽጥ፤ 200ውን ለመጠባበቂያ እንተው። ልዩው መስመር 1,800 ይሆናል፤ ፍጥነቱ ወደ 66 ይወርዳል፤ አሁንም ሰልፍ የለበትም። በቀሩት መስመሮች 4,700 ይመጣል፤ አማካይ ጥበቃው 5 ደቂቃ ከሩብ፣ ብክነቱ 411 ሰው-ሰዓት። ከ1,211 ወደ 411 መውረድ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ተደባልቆ ሲሄድ ከነበረው 399 ገና አልተሻለም። ልዩነት የሚመጣው ሰው ልማዱን ሲለውጥ ነው። ከቀሩት ሾፌሮች 300ው መኪናቸውን ትተው በ8 ተጨማሪ አውቶቡስ ቢሳፈሩ በሁለቱ መስመሮች 4,400 መኪና ይቀራል፤ አማካይ ጥበቃው 3 ደቂቃ፣ ብክነቱ 220 ሰው-ሰዓት ይሆናል። እንግዲህ ከ399 ወደ 220 ወረድን።

ይሁንና ድምሩን ትተን ውስጡን እንመልከት። በአውቶቡስና በጋራ መኪና ይሄዱ የነበሩት 3,880 ሰዎች ከ2 ደቂቃ ተኩል ጥበቃ ወደ ዜሮ ወረዱ። የከፈሉት 1,000ም ወረዱ፤ ግን ገንዘብ ከፍለው ነው። ሳይከፍሉ በመኪናቸው የቀሩት 4,400 ግን ከ2 ደቂቃ ተኩል ወደ 3 ደቂቃ ወጡ። ስለዚህ «ሁሉም ይጠቀማል» የሚለው አባባል በራሱ ሒሳብ ይወድቃል። «የሀብታም መንገድ ነው» የሚለውም ሙሉ አይደለም፤ ከተጠቃሚዎቹ አብዛኞቹ አውቶቡስ ውስጥና በጋራ መኪና ውስጥ ያሉት ናቸው። የከሰረው ድሃ ሁሉ አይደለም፤ የከሰረው አውቶቡስ በማይደርስበት ሰፈር የሚኖር፣ ለክፍያ አቅም የሌለው ባለ አሮጌ መኪና ነው። እኛ ክርክሩ መዞር ያለበት በዚህ ሰው ዙሪያ ነው እንላለን።

ከዓለም የተገኙ ሁለት ማስረጃዎች

በሎስ አንጀለስ የኤል ሞንቴ መስመር በ1973 ለአውቶቡስ ብቻ ተከፈተ፤ ቆይቶም ሦስት ሰው ለያዘ መኪና ተፈቀደ። በጥር 2000 አንድ ሕግ ወጥቶ መስፈርቱን ወደ ሁለት ሰው ዝቅ አደረገው። ሐሳቡ በጎ ይመስላል፤ ብዙ ሰው ይጠቀም ነው። በጠዋቱ ከፍተኛ ሰዓት ይሄዱ የነበሩት 1,100 ተሽከርካሪዎች 1,600 ሆኑ፤ ፍጥነቱ ከ65 ማይል (105 ኪሎ ሜትር) ወደ 20 ማይል (32 ኪሎ ሜትር) ወደቀ። መስመሩ በሰዓት ያጓጉዝ የነበረው 5,900 ሰው ግን ወደ 5,200 ቀነሰ። መኪና የቆጠረ ሰው «አገልግሎቱ በግማሽ ያህል አደገ» ብሎ ይጽፋል፤ ሰው የቆጠረ «700 ሰው ጠፋ» ብሎ ይጽፋል። ሁለቱም ከአንድ መንገድ፣ ከአንድ ጠዋት የተወሰዱ ቁጥሮች ናቸው። በጎን ያሉት ተራ መስመሮችም የጎላ መሻሻል አላዩም። በዚያው ዓመት በሐምሌ በከፍተኛ ሰዓት የሦስት ሰው መስፈርት ተመለሰ።

ሁለተኛው ማስረጃ ከጃካርታ ነው። በዋና ዋና መንገዶቿ በከፍተኛ ሰዓት ከሦስት ሰው በታች የያዘ መኪና እንዳያልፍ ለብዙ ዓመታት ተከልክሎ ነበር። ሰው ብልኃት አያጣምና መንገድ ዳር ቆመው ለጥቂት ገንዘብ ሦስተኛ ሰው የሚሆኑ «ጆኪ» የተባሉ ተሳፋሪዎች ተፈጠሩ፤ ሕፃን ያዘሉ እናቶችም ነበሩባቸው፤ ሕፃኑም እንደ አንድ ሰው ይቆጠራልና። መንግሥት በዚህ ተማሮ በሚያዝያ 2016 ክልከላውን አነሣ። ተመራማሪዎች ከስልክ ካርታ በሰበሰቡትና በ2017 ባሳተሙት መረጃ መሠረት በጠዋት አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ የሚፈጀው መዘግየት ከ2.1 ደቂቃ ወደ 3.1፣ በማታ ከ2.8 ወደ 5.3 ወጣ። ይበልጥ የሚያስገርመው ክልከላው ፈጽሞ ያልነካቸው መንገዶችም መባሳቸው ነው። ክልከላ መኪናን ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው የሚገፋ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ሲነሣ ሌሎቹ መንገዶች መቅለል ነበረባቸው።

ዋጋው እንደ ቧንቧ መክፈቻ

1,000 ቦታ እንሽጥ ስንል 1,000 ገዢ ብቻ እንዲመጣ የሚያደርገው ምንድን ነው? ዋጋው ነው። እንግሊዛዊው ጆን ዎርድሮፕ በ1952 ባቀረበው መርህ መሠረት ሾፌሮች በሁለት መንገዶች መካከል የሚከፋፈሉት ማንም መንገዱን በመለወጥ የሚያተርፈው ነገር እስኪጠፋ ድረስ ነው። በእኛ ምሳሌ በሰዓቱ መጀመሪያ ሰልፍ ስለሌለ የሚተርፍ ጊዜ የለም፤ በመጨረሻው ግን ከፋዩ 10 ደቂቃ ተኩል ያህል ያተርፋል። ሰዓቱን በ60 ሼቄል የሚተምን ሰው ለዚያ እስከ 10 ሼቄል ተኩል ይከፍላል፤ በ30 የሚተምን ከ5 ሼቄል ከሩብ በላይ አይከፍልም። ስለዚህ ዋጋው ከሰልፉ ጋር እየወጣ መሄድ አለበት።

በተግባር መንገዱ ላይ የተተከሉ መሣሪያዎች ጥግግትን ይለካሉ፤ ከተፈቀደው ሲያልፍ ዋጋው ይጨመራል፣ ሲያንስ ይቀነሳል። በሳን ዲዬጎ ከ1998 ጀምሮ ዋጋው በየ6 ደቂቃው፣ በሚኒሶታ ከ2005 ጀምሮ በየ3 ደቂቃው እንዲለወጥ ተደርጎ ነበር። ነገሩ ግን የውኃ ቧንቧ አይደለም፤ ሾፌር ያስባል። በሚኒሶታ በተደረገና በ2014 በታተመ ጥናት ዋጋው ሲጨምር የገዢው ቁጥርም ሲጨምር ተገኘ። ሾፌሩ ወደ ፊት ያለውን መንገድ አያይም፤ ሰሌዳው ላይ ከፍ ያለ ዋጋ ሲያይ «ፊት ለፊት መጨናነቅ አለ ማለት ነው» ብሎ ይገዛል። ዋጋው እንደ ዋጋ ብቻ ሳይሆን እንደ ወሬም ይሠራል። ይህን ያልጨመረ ሞዴል መክፈቻውን ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ሊያዞረው ይችላል።

የማን ሰዓት?

በፕላን ጽሕፈት ቤቶች የተለመደው አሠራር የተቆጠበውን ጊዜ በገንዘብ ማባዛት ነው። ይህ ቴክኒካዊ ዝርዝር ይመስላል፤ በእኛ አስተያየት ግን የጉዳዩ ልብ ነው። አንድ ፕላን 40 የአውቶቡስ ተሳፋሪዎችን 5 ደቂቃ ያድናል፤ ሌላ ፕላን 10 ሾፌሮችን 10 ደቂቃ ያድናል እንበል። በደቂቃ ሲቆጠር 200 ለ100 ነው፤ የመጀመሪያው በእጥፍ ይበልጣል። አሁን የተሳፋሪውን ሰዓት በ30፣ የሾፌሩን በ120 ሼቄል እናስላው። የመጀመሪያው 100 ሼቄል፣ ሁለተኛው 200 ሼቄል ሆነ፤ ፍርዱ ተገለበጠ። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አልሰረቀም፤ ብዜቱ ብቻ ነው የሠራው። ዝቅተኛ ደመወዝ የሚከፈላት የጽዳት ሠራተኛ በሠንጠረዡ ውስጥ የምትገባው ሰዓቷ ርካሽ ሆኖ ነው፤ ዘግይታ ብትደርስ ከደመወዟ የሚቆረጥባት ግን ያው እሷ ናት። ይህን በመፍራት ለሁሉም መንገደኛ አንድ አማካይ ዋጋ የሚጠቀሙ አገሮች አሉ፤ በብሪታንያ ከሥራ ውጭ ለሚደረግ ጉዞ ለረጅም ጊዜ የተሠራበት እንዲህ ነው።

ክፍያን የሚደግፉ ሊቃውንት ጠንካራ ነጥብ እንዳላቸው መካድ አይገባም። ዊልያም ቪክሪ በ1969 ባቀረበው የማነቆ ሞዴል እንዳሳየው በሰልፍ የጠፋ ደቂቃ ለማንም አይደርስም፤ በክፍያ የወጣ ገንዘብ ግን የሆነ ቦታ አለ። (ቪክሪ በ1996 የኖቤል ሽልማት እንደሚሰጠው በታወጀ በሦስተኛው ቀን ዐረፈ።) እንግዲያው የምንጠይቀው ገንዘቡ የት እንደደረሰ ነው። አውራ ጎዳና 1 ላይ ሾፌሮች በሻፊሪም መኪናቸውን ያለ ክፍያ አቁመው በነጻ አውቶቡስ ወደ ከተማው እንዲገቡ ተደርጓል፤ ይህ ከላይ ያየናቸውን 300 ሰዎች የሚያስገኝ ዓይነት እርምጃ ነው። የኤል ሞንቴውም መስመር በ2013 ወደ ክፍያ መስመር ሲለወጥ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች የሒሳብ ድጎማ ተመደበ፤ ከገቢውም ለአውቶቡስ አገልግሎት እንዲውል ተደረገ።

ክፍያ ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑንም እግረ መንገዳችንን እንጥቀስ። የዱባዩ ሳሊክ በ2007 ሲጀመር በማናቸውም ሰዓት 4 ድርሃም ነበር፤ ከጥር 2025 መጨረሻ ወዲህ በከፍተኛ ሰዓት 6 ድርሃም ሆኖ ሌሊት ነጻ ተደርጓል። ሆኖም መስመር አይለይም፤ በሩን የሚያልፍ ሁሉ ይከፍላል። በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ደግሞ በርቀትና በተሽከርካሪ ዓይነት ያስከፍላል እንጂ በመጨናነቅ አያስከፍልም፤ መክፈል የማይፈልግ በአሮጌው መንገድ ይሄዳል። ይህ መንገዱን ለመጠገንና ብድሩን ለመክፈል የሚረዳ ነው፤ ሰልፍን ግን አይቆጣጠርም።

መልመጃ

በአንድ አቅጣጫ ሁለት መስመር ያለው የአዲስ አበባን ጎዳና የመሰለ መንገድ አስቡ፤ እያንዳንዱ መስመር በሰዓት 1,800 ተሽከርካሪ ያሳልፋል። በአንድ ሰዓት 3,300 የቤት መኪና (በአማካይ አንድ ተኩል ሰው)፣ 500 ሚኒባስ ታክሲ (12 ሰው)፣ 60 አውቶቡስ (60 ሰው) ይመጣሉ። ቁጥሮቹ ለልምምድ የተመረጡ ናቸው።

መጀመሪያ ሁሉም ተደባልቀው ሲሄዱ የሚባክነውን ሰው-ሰዓት ፈልጉ፤ 525 ያህል ማግኘት አለባችሁ። ቀጥሎ አንዱን መስመር ለታክሲና ለአውቶቡስ ለዩትና እንደገና አስሉ፤ ማንም ልማዱን ካልለወጠ ወደ 2,060 ይወጣል። አሁን ወደ 525 ለመመለስ ስንት የቤት መኪና ከመንገዱ መውጣት አለበት? እኩልታው ባለ ሁለት ደረጃ ነው፤ መልሱ 960 አካባቢ ነው። በነሱ ውስጥ የነበሩት 1,440 ሰዎች 120 ተጨማሪ የታክሲ ጉዞ ያስፈልጋቸዋል። ልዩው መስመር ይህን መቻሉን አረጋግጡ፤ 120ው ታክሲ ከየት እንደሚመጣና ማን እንደሚከፍለው የየራሳችሁን ሐሳብ ጽፋችሁ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይዛችሁ ኑ።